የአምቡላንስ ስትሬቸር፦ ታማሚውን ሳይጥሉ ማንሳት፣ መጫን፣ ማውረድና መንከባከብ

ስለ አምቡላንስ አደጋ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነትና ስለ መንገድ ነው። እኔ ታማሚ ለአደጋ ሲጋለጥ ያየሁት ግን መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ከቤት ደጃፍ እስከ አምቡላንሱ የኋላ በር ባለችው ሠላሳ አርባ እርምጃ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ይዘን ኮብልስቶን በተነጠፈ ቁልቁለት እንወርዳለን። ስትሬቸሩ ሙሉ ቁመቱ ላይ ነበር። የቆመች ባጃጅ ለማለፍ ወደ ጎን ስንጠመዝዘው አንዱ ጎማ ሁለት ድንጋይ መሀል ገብቶ ቀረ። እኛ መግፋታችንን አላቆምንምና ስትሬቸሩ በጎኑ ዘመም አለ። አንድ የሰፈር ልጅ ሮጦ በደረቱ ደግፎ ባይመልሰው ኖሮ እኚያ እናት ከነስብራታቸው ድንጋዩ ላይ ነበሩ። እግራቸውን አስረን፣ ትከሻቸውን ግን «ቅርብ ነው» ብለን ሳናስር ነበር የወጣነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ባልደረባ ሲመጣ መጀመሪያ የማስረዳው ይህንን ነው፦ ስትሬቸር ሲነሳ ቁመቱ ይጨምራል እንጂ ስፋቱ አይጨምርም። ታማሚው ከፍ ባለ ቁጥር ስትሬቸሩ በጎን ለመገልበጥ የሚበቃው ግፊት እያነሰ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የምጽፈው በአምቡላንሶቻችን በብዛት ስለሚገኘው ስትሬቸር ነው፤ ራስጌው ላይ ሁለት ትናንሽ የመጫኛ ጎማዎች አሉት፣ ወደ መኪናው ሲገፋ እግሮቹ እየታጠፉ ይገባል። በባትሪ የሚነሱትና እግሮቻቸው እንደ መስቀል ተጠላልፈው የሚታጠፉት ግን አጫጫናቸውና አወራረዳቸው ከዚህ ሊለይ ይችላል። የእጀታዎቹ ቦታና ቀለምም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የራሳችሁን ስትሬቸር መመሪያ ፈልጉና አንዴ ከሾፌሩ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። መመሪያው ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጦ ይገኛል።

ፈረቃ ስትረከቡ

አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ታማሚ ሳይኖር፣ ስልክ ሳይጠራ መሠራት አለበት።

1. የክብደት ሰሌዳውን አንብቡ። ስትራይከርና ፈርኖ የተባሉት አምራቾች አንዳንድ ሞዴሎች እስከ 318 ኪሎ ይሸከማሉ፤ ቀለል ያሉት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ታማሚው ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑም፣ ሞኒተሩም፣ እላዩ ላይ የተጫነው ቦርሳም ይቆጠራል።

2. ባዶውን አንሱትና እግሮቹ ሲቆለፉ አድምጡ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፁ ብቻውን አይበቃም፤ ጎንበስ ብላችሁ የቁልፉ ፒን ቀዳዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ተደግፋችሁ ወደ ታች ጫኑት። ከተንሸራተተ ወይም ከተነቃነቀ ያ ስትሬቸር ዛሬ ታማሚ አይጭንም።

3. ደልዳላ ወለል ላይ ግፉትና ልቀቁት። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ጎማው ወይም ኩሽኔታው ችግር አለበት። ፍሬኑን ይዛችሁም ግፉት፤ ጎማው መዞር የለበትም።

4. ቀበቶዎቹን ቁጠሩ። ትከሻ፣ ደረት፣ ዳሌ፣ እግር። ዘለበቱን ዘግታችሁ በኃይል ሳቡት። ጠርዙ የተበጣጠሰ ወይም የተቋጠረ ቀበቶ አይሠራም፤ የጠፋውን በገመድ ወይም በሻሽ መተካትም መፍትሔ አይደለም።

5. የጎን መከላከያዎቹንና የጀርባ መደገፊያውን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

6. መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ነገር እዩ፦ ወለሉ ጠርዝ ላይ ያለውን የደህንነት መንጠቆና ስትሬቸሩን የሚይዘውን ዋና መቆለፊያ። መንጠቆው ሲገፋ ሄዶ በራሱ ሞላ መመለስ አለበት። አቧራና ጭቃ የጠጣ መንጠቆ ተኝቶ ይቀራል፤ በተኛ መንጠቆ ታማሚ ማውረድ ደግሞ ያለ ገመድ ጉድጓድ እንደመግባት ነው።

ታማሚውን ስትሬቸሩ ላይ ማድረግ

ስትሬቸሩ ወደ ታማሚው ይወርዳል እንጂ ታማሚው ወደ ስትሬቸሩ አይሰቀልም። መሬት ላይ የተኛን ሰው ሙሉ ቁመቱ ላይ ወዳለ ስትሬቸር ለማንሳት መሞከር የስንቱን ባልደረባ ወገብ አበላሽቷል። መሬት ላይ ላለ ሰው እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉት፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው ከአልጋው እኩል አድርጋችሁ አስጠጉና በአንሶላው ስባችሁ አሸጋግሩ። በሁለቱም ጊዜ ፍሬኑ ይያዝ፣ አንድ ሰው ደግሞ በተጨማሪ ስትሬቸሩን በሰውነቱ ይደግፍ። የስትሬቸር ፍሬን ጎማውን እንጂ ስትሬቸሩን አያቆመውም፤ በለስላሳ ሴራሚክ ላይ ከነፍሬኑ ይንሸራተታል።

ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከተጠራችሁ ስትሬቸሩን ወደ ላይ አትውሰዱት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አይዞርም፤ ቢዞርም ታማሚው በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ነው። ስትሬቸሩን ምድር ቤት ደልዳላ ቦታ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፤ ታማሚውን በደረጃ ወንበር ወይም በሸራ ቃሬዛ አውርዱ። ገጠር ላይ ደግሞ ሰፈርተኛው ታማሚውን በወሳንሳ ተሸክሞ መኪና የሚገባበት መንገድ ድረስ ያመጣል። እዚያም ቢሆን ወሳንሳውን ከትከሻ አውርዳችሁ ከተጋደመው ስትሬቸር ጎን መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ከትከሻ በቀጥታ ወደ ስትሬቸር ማሸጋገር ሸካሚዎቹ እኩል ካልለቀቁ ታማሚውን ይጥላል።

ቀበቶውን ከመኪናው ውስጥ ሳይሆን እዚያው፣ ታማሚው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ እሰሩ። የትከሻው ቀበቶ በጣም የሚዘነጋው ነው፤ መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ታማሚው ወደ ራስጌው እንዳይተኮስ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። የደረቱ ጠበቅ ይበል እንጂ ትንፋሽ አይከልክል። ነፍሰ ጡር ከሆነች አንዱ ቀበቶ ከሆዷ በላይ፣ ሌላው ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ ይለፍ፤ ሆዷ ላይ ምንም አይታሰርም። ከ20 ሳምንት በላይ ከሆነች ቀኝ ጎኗ ሥር የተጣጠፈ ብርድ ልብስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ዘንበል አድርጓት፤ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ከተኛች ማህፀኗ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ሕፃን እናቱ ታቅፋው ስትሬቸር ላይ መሄዱም ደህንነት የለውም፤ መኪና ሲጋጭ የእናት ክንድ ልጅን መያዝ አይችልም። የሕፃናት ማሰሪያ ካላችሁ ለዚህ ነው የተሠራው።

በመጨረሻ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ሻርፑን ሁሉ ከሥር ጠቅልሉ። የነጠላ ጥለት ጎማ ውስጥ ገብቶ ስትሬቸሩን በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ የኋለኛው ሰው ገና እየገፋ ነበር።

መግፋትና ዘመድን ማሠራት

በወረዳም ሆነ በቀይ መስቀል አምቡላንስ ላይ ብዙ ጊዜ ያላችሁት ሾፌሩና አንድ ባለሙያ ናችሁ። ሦስተኛውና አራተኛው እጅ የጎረቤትና የዘመድ ነው። አትከልክሏቸው፤ ቦታ ስጧቸው። የማሰለጠኛው ጊዜ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ይህችን ጥግ ይያዙልኝ፤ እኔ ‹አንሱ› ሳልል እንዳያነሱ።» ዘመድ የጎን ፍሬሙን ይይዛል እንጂ ማስለቀቂያ እጀታ አይነካም፤ በእግሮቹ መታጠፊያ አካባቢም እጁን አያስገባም። የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቆጠራውንም አስቀድማችሁ ግልጽ አድርጉ፤ ግማሹ ሦስት ሲባል፣ ግማሹ ከሦስት በኋላ ካነሳ ስትሬቸሩ ይጣመማል። እኔ ቁጥሩን ትቼ «ተዘጋጁ… አንሱ» ነው የምለው፤ «አንሱ» ሁለት ትርጉም የለውም።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ስትሬቸሩን ከሙሉ ቁመቱ ዝቅ አድርጉት፤ አንድ ደረጃ እንኳ ብትቀንሱ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። አንድ ሰው ራስጌ፣ አንድ ሰው ግርጌ ይሁን። በደልዳላ መሬት እግር ይቀድማል፤ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ላይ ግን የታማሚው ራስ ወደ ዳገቱ በኩል ይሁን። ኮብልስቶን፣ ጠጠርና ጭቃ ላይ አራት ሰው በአራቱ ጥግ ይያዝና በቀስታ ቀጥ ብሎ ይሄድ። ወደ ጎን አትግፉት። መዞር ካለባችሁ ቁሙ፣ ግርጌውን ጥቂት አንስታችሁ አዙሩ፣ እንደገና ሂዱ። የበር ደፍና የቱቦ ክዳን ላይ በሩጫ አትዝለሉ፤ ቆማችሁ በሁለቱም በኩል እኩል አንሱት። ጎማ የሆነ ነገር ከያዘው መፍትሔው መግፋት ሳይሆን መቆም ነው። ይህን በዚያች እናት ላይ ተማርኩት።

መጫን

1. መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የኋላ በሮቹ እስከ መጨረሻው ተከፍተው ይቆለፉ፤ ነፋስ የመለሰው በር የባልደረባዬን ክርን ከፍሬሙ ጋር አጣብቆታል። ወለሉ ላይ ያለውን ቦርሳና ጫማ አንሱ።

2. ስትሬቸሩን ወደ መጫኛ ቁመት አንሱትና ቁልፉን እዩ። ራስጌው ወደ መኪናው ይሁን።

3. ሁለቱ የመጫኛ ጎማዎች ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ እስኪያርፉና ከሥራቸው ያለው አግዳሚ ብረት የደህንነት መንጠቆውን እስኪያልፍ ግፉ። እዚህ ላይ ቁሙ። ስትሬቸሩን ወደ ኋላ ሳቡት፤ መንጠቆው መያዝ አለበት። መንጠቆው ሳይይዝ ማንም እግር አይልቀቅ።

4. ግርጌ ያለው ሰው ክብደቱን በእግሩ ጉልበት ጥቂት ያነሳል፣ የፊት (የራስጌ በኩል) እግሮቹን የሚያጥፈውን እጀታ ብቻ ይጫናል፣ ይገፋል። ጎን ላይ የቆመው ፍሬሙን ይዞ እግሮቹ መታጠፋቸውን እያየ ድምፅ ያሰማል፦ «ታጠፈ፣ ግፋ።»

5. የኋላ እግሮቹ የመኪናውን ጠርዝ ሲነኩ ብቻ ሁለተኛው እጀታ ይጫናል። ሁለቱን እጀታ በአንድ ጊዜ መጫን የለም። መንጠቆ ሳይይዝ ሁለቱም ከተጫኑ ስትሬቸሩ ከነታማሚው መሬት ላይ ይዘረጋል።

6. ዋናው መቆለፊያ ሲይዝ ድምፁን ስሙ፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ነቅንቁት።

ላንድክሩዘር ወለሉ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ስትሬቸር የመጫኛ ጎማዎቹ አይደርሱለትም። እንዲህ ሲሆን ራስጌውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ ያነሳል፣ አንድ ሰው ግርጌውን ይይዛል። ለአንድ ቀን ይህ ያሠራል። በየቀኑ እንዲህ የምትጭኑ ከሆነ ግን ስትሬቸሩና መኪናው አይመጣጠኑም ማለት ነውና ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቁ።

መቆለፊያው ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ በቁጥር ላሳይ። የአውሮፓ የአምቡላንስ መስፈርት ኢኤን 1789 የስትሬቸር መያዣ ከክብደቱ 10 እጥፍ የሚደርስ ግፊት እንዲችል ይጠይቃል። 70 ኪሎ ታማሚ በ40 ኪሎ ስትሬቸር ላይ 110 ኪሎ ነው፤ በግጭት ጊዜ መያዣው ላይ የሚያርፈው 1,100 ኪሎ ያህል ማለት ነው፣ አሥራ አንድ ኩንታል። መቆለፊያው ተሰብሮ ስትሬቸሩን በገመድ ያሰረ ሰው እነዚያን አሥራ አንድ ኩንታል በገመድ ሊይዝ እየሞከረ ነው፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ደግሞ ሾፌሩ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደርም በታማሚው እግሮች መሀል አይተኛም፤ በመያዣው ይታሰር።

ማውረድ

ማውረድ ከመጫን ይበልጥ ያሰጋኛል። ሆስፒታል ደርሰናል ብሎ ሁሉም ይቸኩላል፣ ዘመድ በሩን ይከፍታል፣ እግሮቹ ደግሞ በራሳቸው ስለሚወርዱ ተቆልፈዋል ብሎ ማመን ይቀላል።

ዋናውን መቆለፊያ ልቀቁ፣ በግርጌ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡ። የኋላ እግሮች ይወርዳሉ፤ ቁም በሉ፣ ቁልፉን እዩ። እንደገና ሳቡ፤ የፊት እግሮች ይወርዳሉ፣ መንጠቆውም ስትሬቸሩን ይይዘዋል። አሁን ጎን ላይ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ የፊቱን ቁልፍ በዓይኑ አይቶ «ተቆልፏል» ይላል። መንጠቆው የሚለቀቀው ይህ ቃል ከተሰማ በኋላ ብቻ ነው። አንደኛው እግር ግማሽ ላይ ከቆመ መልሳችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ እግሩን በጫማ እየመቱ ማስተካከል ታማሚው ላይ ሳለ አይደረግም።

ማጽዳት

ከእያንዳንዱ ታማሚ በኋላ ጓንት አድርጋችሁ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ደምና ትውከት እያለ ክሎሪን ቢያፈሱ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ይደክማል። ከዚያ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ነው፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፣ ሁሉም በረኪና 5 በመቶ አይደለምና። ውህዱን በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አትቀላቅሉት። አሥሩ ደቂቃ ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ክሎሪን የቀረበት ብረት ይበላል።

ቀበቶዎቹን በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ክሩን ያደክመዋል። በሳሙናና በውሃ ታጥበው ጥላ ላይ ይድረቁ፤ ደም የጠጣ ቀበቶ ይቀየራል። ፍራሹ ስፌቱ ከተተረተረ ውስጡ ያለው ስፖንጅ የታማሚውን ሁሉ ፈሳሽ ይዟል ማለት ነው፤ እላዩ ቢታጠብም አይጸዳም።

መኪናው ላቫጆ ሲገባ ስትሬቸሩ አብሮ በግፊት ውሃ መታጠብ የለበትም። ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ግራሶውን ያወጣል፤ በጥቂት ሳምንት ጎማው መጮህ ይጀምራል።

በየሳምንቱና በየወሩ

በሳምንት አንዴ ስትሬቸሩን ገልብጣችሁ ጎማዎቹን እዩ። የጎማው ዘንግ ላይ ፀጉር፣ ክርና ፌስታል ተጠምጥሞ ታገኛላችሁ፤ በመቀስ ቁረጡትና በጉጠት አውጡት። ጎማ ከበደን ብለው ዘይት ከሚያፈሱበት ጊዜ አብዛኛውን የሚፈታው ይህ ነው። ዘይት በበዛ ቁጥር የመንገዱ አቧራ ይለጠፍበታል፤ መታጠፊያዎቹን መመሪያው በሚያዘው ዓይነት ጥቂት ቀቡና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

በወር አንዴ ብሎንና ዳዶውን በቁልፍ ፈትሹ። የጠፋ ብሎን ከስፔር ሱቅ በተገኘው አይተካም፤ ርዝመቱና ጥንካሬው አንድ ካልሆነ ይቆረጣል። ከእጀታው እስከ ቁልፉ የሚሄደውን የሽቦ ኬብል ተከትላችሁ እዩ፤ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ወይም እጀታው ልል ከሆነ ቁልፉ በትክክል መሥራቱ አያስተማምንም። ሞላዎቹ የዛጉ ወይም የተለጠጡ እንደሆነም ተመልከቱ። ፍሬሙ ከተሰነጠቀ በያጅ ጋ አትውሰዱት። አብዛኛው ፍሬም አሉሚኒየም ነው፤ የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያለሰልሰዋል፣ ከስፌቱ አጠገብ እንደገና ይሰበራል። የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ክፍል አይቶት አካሉ ይቀየር።

ጥገና ከተደረገለት በኋላ የመጀመሪያው ተጫኝ ሰው አይሁን። አንድ ኩንታል አሸዋ በሁለት ጆንያ ከፍላችሁ ራስጌና ግርጌ አድርጉ፣ በቀበቶው እሰሩ፣ አንሱ፣ ዝቅ አድርጉ፣ ሦስት ጊዜ ጫኑና አውርዱ። በእያንዳንዱ ጊዜ ቁልፎቹን እዩ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። የማይሠራ ስትሬቸር እጀታ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጥፉበት፤ ሌሊት የሚረከበው ሰው ደብተር ላያነብ ይችላል፣ እጀታው ላይ የተለጠፈውን ግን ሳይነቅለው ማንሳት አይችልም።